ኪሴ ውስጥ የቀረችው ወረቀት

ሸክላ ሠሪዋ እናኑ ከቀበሌያችን በፈቃዷ አልወጣችም። መዝገቡ ላይ «በራሷ ፈቃድ መኖሪያ ቀይራለች» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት ነው። ቤቷን አፍርሰው፣ ሸክላዋን ሰባብረው፣ አባርረዋታል። ያባረሯትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ግማሾቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ነገር ግን ከነሱ ስም በፊት የኔ ስም መጻፍ አለበት። አያል እባላለሁ፤ የጤና ጣቢያ አስታማሚ የነበርኩ፣ የሰባት ልጆች አያት ነኝ። ያን ቀን እሳቱን የጫረው ቃል የወጣው ከኔ አፍ ነው። ሊያተርፋት ይችል የነበረው ወረቀትም የቀረው እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ጡረታ በወጣሁበት ቀን ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ሽኝት አደረጉልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ኃላፊያችን ወጣት ሐኪም ነው፤ ብድግ ብሎ «እማማ አያል በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ያልበደሉ፣ ለማንም ያላደሉ እናት ናቸው» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ጋቢው ውስጥ ሆኜ ላብ አጠመቀኝ። ቤቴ እንደ ገባሁ አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። እስከ ዛሬ አልለበስኩትም።

ትልቁ ልጄ ልጽፍ መሆኑን ሲሰማ ፈራ። «እማዬ፣ ዘመኑን እያየሽው። ሰው በተናገረው በሚጠፋበት ጊዜ የተዳፈነ ነገር ምን ያስቆሰቁስሻል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም እፈራለሁ። ግን ፍርሃትን አንድ ጊዜ ታዝዣት ምን እንደምታደርግ አይቻለሁ። ሁለተኛ አልታዘዛትም።

የተወለድኩት አዊ ነው። አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው፤ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ያገባሁት የቡሬ ገጠር ሰው ነበር። በመጣሁበት ሰሞን የአማቴ ጎረቤቶች «አገዊቱ መጣች» እያሉ፣ የተሳሳትኩትን አማርኛ እየደጋገሙ ይስቁብኝ ነበር። ክፋት አልነበረውም ይላሉ። የሚስቁት ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉ። ባሌ ገና ወጣት ሳለ ሞተ፤ ሦስት ልጆች ይዤ ቀረሁ። ከቡሬ ወደ ቆላው ሲወረድ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ በጽዳት ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ለማውራት የሚበቃ አልነበረም።

ሥራ ያስተማሩኝ ሲስተር ዘሃራ ናቸው። የወሎ ሰው፣ ሙስሊም፣ በዕድሜም ታላቄ ነበሩ። በመጡበት ሰሞን ሽማግሌው ሁሉ ከእጃቸው መርፌ መወጋት ከብዶት ነበር። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ክንዳቸውን እንደ ሸሸጉ «በስመ አብ ብለሽ ውጊኝ» አሏቸው። ሲስተር መርፌውን እንደ ያዙ «እርስዎ ይበሉት አባባ፤ እኔ እወጋለሁ» አሏቸው። ሽማግሌው ሳቁና ክንዳቸውን ዘረጉ። ከዚያ ወዲህ ያ ሰፈር ሲስተርን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም ነበር።

የሲስተር ልማድ ብዙ ነው። ቆመው በሽተኛ አያናግሩም፤ በርጩማ ስበው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ክፍል ከመግባታቸው በፊት ደጃፉ ላይ ቆም ብለው የእያንዳንዱን በሽተኛ ደረት ያያሉ። «ትንፋሽ አይዋሽም፤ አፍ ነው የሚዋሽ» ይሉኝ ነበር። ትኩሳት ያለበትን ሰው በቀዝቃዛ ውሃ ሳይሆን ለብ ባለ ውሃ፣ ከብብቱና ከአንገቱ ጀምሬ እንዳብስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የሚንቀጠቀጠውን በጎኑ አስተኝቼ መንጋጋውን ሳላስገድድ እንድይዝ፣ በሽተኛውን ሳላነሳ ከሥሩ አንሶላ እንድቀይር፣ ሁሉን ከእሳቸው ተማርኩ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው።

«አያል፣ ሦስት ጥያቄ አለሽ። መቼ ጀመረሽ፣ የት ያምሻል፣ ምን በላሽ ምን ጠጣሽ። ‹ማን› የሚለውን እዚህ ቤት አታስገቢው። እሱን ለዳኛ ተይለት።»

ይህ ሕግ ለምን እንዳስፈለገ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ለማያውቅ ልንገር። እኛ ዘንድ ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ቡዳ ይሉታል። በሠራው ድስት ወጥ እንሠራለን፣ ባበጀው ማረሻ እናርሳለን፣ ከእሱ ጋር ግን አንድ መሶብ አንቀርብም። ሰው ድንገት ታሞ ሲቃዥ ዘመዶቹ ጭስ ያሸቱትና በጆሮው «ማን ነው የበላህ?» ይሉታል። በሽተኛው የጠራው ስም ፍርድ ነው። ለፈለፈ ይባላል። የተጠራው ሰው ምንም ቢል የሚሰማው የለም።

እናኑ የምትኖረው ከጤና ጣቢያው ማዶ፣ ወንዙ ዳር ብቻዋን በተሠራች ቤት ነበር። ሲስተር ለሕሙማኑ ክፍል ደጃፍ የእጅ መታጠቢያ ፈልገው እኔን ይዘው ቤቷ ሄዱ። ከሥሩ ቀዳዳ ያለው፣ ቀዳዳው በእንጨት ውታፍ የሚዘጋ ጋን ነበር የፈለጉት። እናኑ ሰምታ ሳቀች።

«ሲስተር፣ ሰው ቀዳዳ ያለበት ጋን ሲያገኝ ይመልስልኛል። እርስዎ ደግሞ ቀዳዳ ይለምኑኛል!»

«ቀዳዳውን አሳምሪልኝ እንጂ እኔስ አልመልስልሽም» አሏት።

እናኑ የደረቁትን ገንቦዎች አንድ በአንድ በጣቷ አንጓ እየመታች ጆሮዋን ታስጠጋ ነበር። ጤነኛው ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ዝም ይላል። ስንነሳ ገና ከምጣድ የወረደ የሽንብራ ቆሎ በእፍኝ አፈሰችልን። ሲስተር እዚያው ቆመው እየቆረጠሙ አመሰገኑ። እኔ እጄን ጨበጥኩ። «እበላዋለሁ እታለም፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። አጥሩን አልፈን ሲስተር ቀደም ሲሉ ጣቶቼን ከፈትኩና መንገድ ዳር አፈሰስኩት። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። አገዊቱ ተብዬ የተሳቀብኝ እኔ፣ ይህን አደረግሁ። ልማድ እንጂ ክፋት አልነበረውም፤ የሚያፈሱት ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉ።

ጋኑ መጥቶ ደጃፍ ቆመ። የመጣ ሁሉ ታጠበበት።

ቀኑ የደረሰው ዝናቡ በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ ወባ በምትበረታበት ሰሞን ነው። ሲስተር መድኃኒት ሊያመጡ በጠዋት ቡሬ ሄደዋል። ረፋድ ላይ ስምንት ሰዎች በቃሬዛ አንዲት ልጅ ይዘው መጡ። የኔነሽ ትባላለች፤ ካገባች ሁለት ወሯ ነው። አማቷ አያ ውበቱ ባለ ጠመንጃ፣ በሰፈሩ የተፈራ ሰው ናቸው። መሣሪያ ወደ ውስጥ አይገባምና ጠመንጃቸውን ደጃፉ ላይ እናኑ ከሠራችው ጋን ጋር አስደገፉት። ይህ ዓይኔ ላይ ቀርቷል።

ልጅቱ እንደ ምድጃ ትፋጃለች። የላብራቶሪው ባለሙያ ከጣቷ ደም ወሰደ። ተረኛው ነርስ መርፌ ሊያዘጋጅ ወጣ። እኔ ለብ ያለ ውሃ አምጥቼ ብብቷንና አንገቷን አብስ ጀመር። ድንገት ዓይኗ ተገለበጠ፣ መቃዠት ጀመረች፣ እጄን ጨብጣ አልለቅ አለችኝ። እንደ ልጄ ነበረች። ፈራሁ። በእጄ ላይ ልትሞት ነው አልኩ። በፈራሁ ጊዜ የሲስተር ትምህርት ሁሉ ከራሴ ወጥቶ የእናቴ ልማድ ቀረ። ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ ጠየቅኋት።

«ማን ነው የኔ ልጅ? ማን ነው የበላሽ?»

ማለቴን ያወቅሁት ካልኩ በኋላ ነው።

«እናኑ» አለች። ደግማም «እናኑ» አለች።

ቅዳሜ ገበያ ከእናኑ እንስራ ገዝታ ነበር። ትኩሳት መጨረሻ ያየውን ነው የሚጠራ፤ ይህን ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። አያ ውበቱ ግን ከበሩ ደፍ ላይ ተነሱ።

«ምን አለች?»

«ትቃዣለች አያ ውበቱ። ትኩሳት ነው የሚያስቀባጥራት።»

«እኔ ጆሮ አለኝ። ጠየቅሻት፣ ነገረችሽ።»

ወጡና ጠመንጃቸውን ከጋኑ ላይ አነሱ።

ወዲያው አልሄዱም። ሰው እስኪሰበሰብ ግቢው ውስጥ ቆሙ። ይህን አስምሬ እጽፈዋለሁ፤ ጊዜ ነበረኝ። የላብራቶሪው ባለሙያ ከደቡብ የመጣ ወጣት ነው፤ ለአገሩ ልማድ እንግዳ ነበር። ወረቀቷን ይዞ መጣ። «ወባ ነው እማማ፤ በጣም ብዙ ነው። መድኃኒቱ አለ፣ ትድናለች። ለቤተሰቡ ንገሯቸው» ብሎ ሰጠኝ። ማንበብ እችላለሁ፤ «ወባ» የምትለውን ቃል ደግሞ ያቺ ቤት ውስጥ በየቀኑ አይቻታለሁ። ከእኔ እስከ ሰዎቹ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ወረቀቷን ይዤ ደጃፍ ወጣሁ። አፌን ከፈትኩ። ከሰዎቹ አንዱ አየኝና ጮኸ።

«አገዊቱ! አንቺም ዘመዷ ነሽ እንዴ፣ ልታስምሪያት ነው?»

ሌሎቹ ሳቁ። ምናልባት ቀልዱን ነበር። ያ ሳቅ ግን ከጠመንጃው ይበልጥ አስፈራኝ። ባል የለኝም፣ ወንድም በአቅራቢያዬ የለኝም፣ ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች አሉኝ። ቀጥሎ የሚጠራው ስም የማን ይሆናል? እጄ ወረቀቷን አጥፋ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። ውታፉን ነቅዬ እጄን የምታጠብ መሰልኩ። ታጠብኩም። ተመልሼ ገባሁ።

ሸክላ ሲሰበር ድምፁን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ሲሰበር ሰው «ውይ!» ይላል። ያን ቀን ከማዶ የመጣው እንደ በረዶ ነበር፤ የሚቆጠር አልነበረም። እኔ የየኔነሽን ግንባር እያበስኩ ነበር። መድኃኒቱ ገብቷል፣ ትንፋሿ ተስተካክሏል። ቀጥሎ ጭሱ መጣ። ወደ ቀትር ገደማ እናኑ በጤና ጣቢያው ፊት አለፈች። ነጠላዋ ውስጥ አንድ ነገር ቋጥራለች። አትሮጥም፤ እንደ ገበያተኛ ትራመዳለች። ደጃፋችን ስትደርስ ቆመች። ጋኗን አየችው። ከዚያ እኔን በመስኮት አየችኝ። ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

ሲስተር ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ መንገድ ላይ ሰምተው ነበር። በሽተኛዋን አይተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ እኔን ወደ ዕቃ ክፍሉ ጠሩኝ።

«ምን ብለሽ ጠየቅሻት?»

ነገርኳቸው።

«ውጤቱስ?»

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ረጥባ ነበር። ይቆጡኛል፣ ይመቱኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ ቆሜያለሁ። በርጩማቸውን ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ እኔንም አስቀመጡኝ። እንደ በሽተኛ ዓይን ዓይኔን አይተው «መቼ ጀመረሽ?» አሉኝ።

መልሱ ዛሬ ነው የገባኝ። ከሽንብራው ቆሎ ጀመረኝ።

ወረቀቷን ይዘው ብቻቸውን አያ ውበቱ ቤት ሄዱ። አያ ውበቱ ቁሙ ብለው አላቆሟቸውም፤ ወንበር ሰጥተው እስከ መጨረሻ ሰሟቸው። ሲጨርሱ «ደግ፣ ሲስተር፤ ወባ ናት። ወባዋንስ ማን ላካት?» አሏቸው። ሲስተር ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ። ሳቃቸው የደስታ አልነበረም። ከዚያም አልፈው ፖሊስ ድረስ ሄደው አመልክተዋል። ሰዎች መጥተው ጠየቁ፤ እኔንም ጠየቁ። «ሥራ ላይ ነበርኩ» አልኩ። ውሸት አይደለም። ከውሸት ግን ይከፋል። መዝገቡም በዚሁ ተዘጋ፤ እናኑ በፈቃዷ ሄደች ተባለ።

በዚያው ዓመት ዝውውር ጠየቅሁና ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ሲስተርን ለመሰናበት አፍሬ ነበር፤ እሳቸው ናቸው መጥተው የሸኙኝ። አዲሱ ቦታ ትልቅ ነው፤ ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ከደምበጫ ገጠር የመጣ ገበሬ፣ ከአዊ የመጣች አማርኛ የማትሰማ እርጉዝ፣ ኑሮ ተበትኖበት ከሩቅ የመጣ ሰው፣ ሙስሊም ነጋዴ፣ የባለሥልጣን ሚስት። ሁሉንም በመጣበት ተራ አሰለፍኩ። ተራ የዘለለ ሰው ጌታም ቢሆን ከኔ ጋር ይለያያል። ነርሶቹ «ኮማንደር» ይሉኝ ነበር። «ኮማንደር መጣች፣ ወረፋችሁን ያዙ!» ሲሉ እሰማለሁ። ደፋር መስያቸው ነበር። አልነበርኩም። አንድ ሰው ከሰልፍ ወጥቶ ሲገፋ ባየሁ ቁጥር ያ የሸክላ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኝ ነበር፤ ያ ነው የሚያስጮኸኝ።

አንድ ጊዜ በትኩሳት የሚቃዥ ሰው ዘመዶች የሚጨስ ሥር ደብቀው ይዘው ገቡ። አጎቱ ጎንበስ ሲል አየሁት። «ማን…» ብሎ ሳይጨርስ ሸሚዙን ይዤ ጎተትኩት። «መቼ ጀመረው በል! የት ያመዋል በል! ሌላ ጥያቄ እዚህ ቤት የለም!» እያልኩ ሦስት ወንዶች አስወጣሁ። «ይቺ አሮጊት ምን ሆነች?» አሉ። በሽተኛው ዳነ፤ የማንም ቤት አልፈረሰም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብቼ የሽርጤን ኪስ ገልብጬ አየሁት።

ጡረታ እንደ ወጣሁ መዝገቡን ላስተካክል ወደ ድሮው ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ልጅ እግር ነው።

«እማማ፣ ይሄ ሲጻፍ እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም። ባለ ጉዳይዋ ካልመጣች አንነካውም። ደግሞ አሁን ማን ያስታውሰዋል?»

«እኔ!»

«ከእርስዎ ሌላ?»

ስወጣ የኔነሽን መንገድ ላይ አገኘኋት። የአራት ልጆች እናት ሆናለች፤ ጠና ብላለች። ጉልበቴን ልትስም ዝቅ አለች።

«እርስዎ ነዎት ያተረፉኝ እማማ አያል። እርስዎ ባይጠይቁኝ ኖሮ በዚያች ዓይን ሞቼ ነበር።»

«ወባ ነበር የኔነሽ። ወረቀቱን አይቻለሁ።»

«ኧረ ይተዉ!» ብላ ሳቀች። አብረዋት ከነበሩት ልጆቿ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ክታብ አየሁት። የእናኑን ስም ሳያውቁ እናኑን እየፈሩ ያድጋሉ። የጫርኩት እሳት አልጠፋም ነበር።

እናኑ ዱርቤቴ ገበያ ሸክላ ትሸጣለች ሲሉ ሰማሁ። ልጄ እንዳልሄድ ለመነኝ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል፤ በሚኒባሱ ውስጥ ሰው እርስ በርሱ አይነጋገርም። ሁለት ቦታ አስወርደው መታወቂያ አዩ። አንዱ ፈታሽ «ወዴት ነው እናት?» አለኝ። «ጋን ልገዛ» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀና አሳለፈኝ።

ከእህል ተራው ባሻገር፣ ከገንቦዎቿ መሐል ተቀምጣ አገኘኋት። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። አንዱን ገንቦ በጣቷ አንጓ እየመታች ነበር። ቀና ሳትል «ስንት ልስጥሽ?» አለች። ከዚያ ቀና አለች።

«አያል። አረጀሽ።»

«አንቺስ?»

«ሸክላ አያረጅም፤ ይሰበራል እንጂ። ተቀመጪ።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጥያቄውን፣ ወረቀቷን፣ ኪሴን፣ «ሥራ ላይ ነበርኩ» ማለቴን። ስናገር ገንቦ መምታቷን አላቋረጠችም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ልጅቱ ዳነች?»

«ድናለች። አራት ወልዳለች።»

«እሰይ» አለች። «ሁልጊዜ አስባት ነበር። እንስራውን ስትገዛኝ ፊቷ ገርጥቶ ነበር። ‹ልጄ አሞሻል፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ› ብያት ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። ማንም አላወቀም። ማንም አልጠየቃትም።

«ይቅር በይኝ እናኑ» አልኳት።

ከአጠገቧ ያለውን ከረጢት ፈታች። የሽንብራ ቆሎ ነው። በእፍኟ አፍሳ መዳፌ ላይ ገለበጠችው።

«የዚያን ጊዜውን ስታፈሺው ከአጥሩ ኋላ ቆሜ አይቼሻለሁ። ብይ።»

ዕድሜዬን ሙሉ በጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ወባን አውቃለሁ፣ የዓይን ወሬ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ያም ሆኖ ዓይኔ ቆሎውን የማፈስበት ቦታ ፈለገ። በዚህ ዕድሜዬ የእናቴ ፍርሃት ውስጤ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አንዷን ፍሬ አስገባሁ። ቆረጠምኳት። እናኑ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ድረስ ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም። ስጨርስ ባዶ መዳፌን አሳየኋት።

«አሁንስ? ይቅር አልሽኝ?»

የቀረውን ቆሎ በከረጢቱ ቋጥራ ጭኔ ላይ አኖረችው።

«እዚህ ማንም አያውቅሽም አያል። እዚህማ ማንም ይበላል። ይህን ይዘሽ ሂጂ፤ ቅዳሜ፣ በድሮው ቀበሌያችን ገበያ፣ ሰው ሲሞላ መሐል ቆመሽ ብይው። ‹ከየት አመጣሽው?› ሲሉሽ ስሜን ጥሪላቸው። ያኔ በትኩሳት ተጠርቻለሁ፤ አንቺ በጤናሽ ጥሪኝ።»